ከፍም የተረፈውን ሥጋ አትጣሉ፤ ደጅም አታሳድሩት

ወገኖቼ ሆይ፣ ሁላችን ስለምናውቀው፣ ነገር ግን ማንም አፍ አውጥቶ ስለማይናገረው ጥፋት ልገሥጻችሁ ተነሥቻለሁ። ሥጋ በፍም ላይ ጠብሰን ሰው በጠራን ቁጥር፣ ምሽቱ ሲያልቅ በትሪው ላይ የሚቀረው ሥጋ ከሁለት ዕጣ አንዱ ይደርሰዋል፤ ወይ ደርቆና ዝንብ ወርሮት በማግሥቱ ወደ ቆሻሻ ይገለበጣል፣ ወይ ደግሞ «እሳት የነካው ምን ይሆናል» ተብሎ ሌሊቱን ደጅ ካደረ በኋላ ለልጆች ይቀርባል። የመጀመሪያው ብክነት፣ ሁለተኛው ድፍረት ነው። የሁለቱም እናት ግን አንዲት ስንፍና ናት፤ ሥጋውን ለመዘፍዘፍና ለመጥበስ ግማሽ ቀን የማንሰስት ሰዎች፣ የተረፈውን ለማንሣት ሩብ ሰዓት እንሰስታለን።

ስለ ብክነቱ ብዙ አልናገርም። ምግብ የሚባክነው በሆቴልና በትልልቅ መደብሮች ነው እያልን ጣታችንን ወደ ሌላው መቀሰር ይቀናናል፤ ይሁንና የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ሪፖርት እንደሚያሳየው፣ በ2022 በዓለም ዙሪያ ከባከነው 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ውስጥ 60 ከመቶ ያህሉ የወጣው ከመኖሪያ ቤት ነው፤ ይህም ማለት ከእኔና ከእናንተ ማድ ቤት ነው። ከሚጣለውም ሁሉ እንደ ሥጋ ያለ ውድ ነገር የለም። አንድ ኪሎ የበሬ ሥጋ፣ መኖውን ያበቀለው ዝናብና መስኖ ጭምር ሲሰላ፣ በዓለም አማካይ ከ15 ሺህ ሊትር በላይ ውኃ ፈጅቶ ነው ገበታ ላይ የሚደርሰው፤ አንድ ኪሎ ድንች ግን 300 ሊትር እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ከውዱ ጥቂት፣ ከርካሹ ብዙ አድርጎ ቤተሰብ የሚያጠግብ እራት እጃችን ላይ እያለ፣ ትሪውን ቆሻሻ ላይ መገልበጥ ምን የሚሉት ኩራት ነው?

የምላችሁ እራት ይህ ነው፤ በምድጃ ከነልጣጩ የበሰለ ትልቅ ድንች ይሰነጠቃል፣ ቅቤና ሲሞቅ የሚቀልጥ አይብ ይገባበታል፣ ከላይ የትናንቱ ሥጋ ተከትፎና ተሞቆ ይደፋበታል። ለምን ድንች ትሉኝ ይሆናል። ከባርቤኪው የሚተርፈው ሥጋ መቼም አንድ ወጥ ሆኖ አያውቅም፤ ሁለት የጎድን አጥንት፣ አንድ የዶሮ እግር፣ ግማሽ ቋሊማ፣ ከትልቁ ቁራጭ ደግሞ ማንም ያልወደደው ጠርዝ ነው። ይህን ለብቻው ብታቀርቡት ለሁለት ሰው አይበቃም፣ ማን የቱን ይውሰድ የሚል ጠብም ያመጣል። ድንች ግን የራሱ ጣዕም ልዝብ ስለሆነ ስቡን፣ ጭሱንና ቅመሙን ሁሉ ጠጥቶ የተበታተነውን አንድ ያደርገዋል። ለአንድ ድንች ከ60 እስከ 80 ግራም ሥጋ ይበቃል፤ ስለዚህ 300 ግራም ያህል ያልተፈለገ ቁርጥራጭ አራት ሰው አብልቶ ያሳድራል ማለት ነው።

ነገር ግን ይህ እራት የሚበላሸው ወይም የሚሰምረው በማግሥቱ ምድጃው ሲለኮስ አይደለም፤ ሥጋው ከፍም በወረደበት በዚያው ቀን ነው፣ እኔም አጥብቄ የምወቅሳችሁ በዚሁ ነው። የበሰለ ምግብ ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ውስጥ ሲቆይ ተሕዋስያን እንደልባቸው ይራቡበታል። በመሆኑም ከማቀዝቀዣ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ አየሩ ከ32 ዲግሪ በላይ በሚሞቅበት ቀን ደግሞ፣ ደጅ ወጥተን ሥጋ መጥበስ የምንወደው በእንዲህ ያለው ቀን ነውና፣ የሚፈቀደው አንድ ሰዓት ብቻ ነው። እናንተ ግን በቀትር የጠበሳችሁትን እስኪጨልም ትሪው ላይ ትተዉታላችሁ፤ ያለፈ ያገደመው ሁሉ እየቆነጠረ ይሄዳል፣ በመጨረሻም አንዱ ደግ ሰው ጨርቅ ጣል አድርጎበት ይገባል። ጨርቅ ዝንብ ይከለክላል እንጂ ሰዓት አያቆምም።

«በደንብ የበሰለ ሥጋ ላይ ተሕዋስ ከየት ይመጣል?» የሚል አይጠፋም። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለው ባክቴሪያ ስፖር የተባለውን ጠንካራ ሽፋን ለብሶ የእሳቱን ሙቀት ተሻግሮ መውጣት ይችላል፤ ሥጋው ቀስ እያለ ሲበርድና ሙቀቱ ወደ 45 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ ይነቃል፣ ነገሩ ከተመቻቸለትም በ10 ደቂቃ ገደማ ቁጥሩን እጥፍ ያደርጋል። በየ10 ደቂቃው እጥፍ የሚሆን ነገር በሁለት ሰዓት ውስጥ ከአንድ ተነሥቶ 4,096 እንደሚደርስ ራሳችሁ አስሉት። በተለይ ወፍራሙ ቁራጭ አሳሳች ነው፤ ከላይ ሲዳስሱት በርዷል፣ መሐሉ ግን ሰዓታት እያለፉ እንኳ ለብ እንዳለ ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። በሰው እጅና አፍንጫ የሚኖረው ስታፊሎኮከስ ኦርየስ፣ ብዙ እጅ በነካካው ሥጋ ላይ ሲራባ መርዝ ያመነጫል፤ ባክቴሪያው ሲሞቅ ይሞታል፣ መርዙ ግን ሙቀትን ይቋቋማል። ስለዚህ ያደረውን ሥጋ «ደህና አድርጌ አሞቀዋለሁ» ብሎ መጽናናት ከንቱ ነው። «ቀመስኩት፣ ምንም አላለም» ማለትም ማስረጃ አይሆንም፤ ይህ መርዝ ሽታም ጣዕምም የለውም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት በሌላው ነገር ሁሉ እየጠቀስን፣ ለሆዳችን ሲሆን የምንረሳው ለምንድን ነው?

ደግሞም ትኩስ ነገር ማቀዝቀዣ ውስጥ አይገባም የሚለውን ወግ ተዉት። ትልቅ ድስት ሙሉ የሚፋጅ ምግብ ባንድ ጊዜ ብታስገቡ እውነትም በዙሪያው ያለውን ምግብ ያሞቃል፤ መፍትሔው ግን ምግቡን ደጅ ማሳደር ሳይሆን መከፋፈል ነው። ሥጋውን ከአጥንቱ አላቅቁት፣ ወፍራሙን በጣት ውፍረት ቆራርጡት፣ ከ5 ሳንቲሜትር ያልበለጠ ጥልቀት ባለው ጠፍጣፋ ዕቃ ዘርጉት፣ እንፋሎቱ ጥቂት ከወጣለት በኋላ ክደኑትና አስገቡት። ማቀዝቀዣው ከ4 ዲግሪ በላይ መሆን የለበትም። በዚያው ምሽት ግን አድቅቃችሁ አትክተፉት፤ የደቀቀ ሥጋ ለአየር የሚጋለጠው ገጽታው ስለሚበዛ ስቡ ቶሎ ይበላሻል፣ በማግሥቱ ሲሞቅ የሚሸተው ያ የከረመ ነገር ጠረንም ከዚህ የሚመጣ ነው። ደቃቁ ክትፎ ለነገ ይቆይ። በተረፈ፣ ጥሬ ሥጋ ተሸክሞ ወደ እሳቱ የሄደው ትሪ ሳይታጠብ የበሰለውን ተሸክሞ ሲመለስ እያየ ዝም የሚል ሰው የጥፋቱ ተካፋይ ነው።

አሁን ወደ ድንቹ እንምጣ፤ እዚህም የምትገሠጹበት አለና። ለዚህ የሚሆነው ስታርቹ የበዛ፣ ሲበስል ዱቄት ዱቄት የሚል ድንች ነው፤ ለሾርባ የምትመርጡት ተቀቅሎም የማይፈርሰው ዓይነት እዚህ ላይ አይሆንም፣ ሲሰነጠቅ እንደ ሳሙና ጠጥሮ ይቀራል። ልጣጩ አረንጓዴ ወደ መሆን የሄደውን አትጠቀሙበት። ልጣጩ ስለሚበላ በብሩሽ እሹት፣ እስኪደርቅ ጥረጉት፣ በሹካ አምስት ስድስት ቦታ ውጉት፣ ዘይትና ጨው ቀቡትና በ200 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ በቀጥታ በሽቦው ላይ አስቀምጡት። 250 ግራም ገደማ የሚመዝን ድንች አንድ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። የምግብ ቴርሞሜትር ያለው ሰው መሐሉ 98 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ያውጣው፤ የሌለው ደግሞ ቢላ ሲሰድበት ምንም ሳይታገለው ከገባ ደርሷል። ያኔውኑ ሰንጥቁት። ሳይሰነጠቅ የሚጠብቅ ድንች እንፋሎቱን ውስጡ ይዞ ሙጫ ይሆናል።

ድንቹን በፎይል አትጠቅልሉት፤ ይህን አደራ እላችኋለሁ። ፎይል እንፋሎቱን አፍኖ ስለሚይዝ ድንቹ ተቀቀለ እንጂ ተጋገረ አይባልም፣ ልጣጩም እንደ እርጥብ ወረቀት ይሆናል። የጣዕሙ ነገር ቢቀር እንኳ፣ በፎይል እንደተጠቀለለ ደጅ የቆየ ድንች አየር የሌለበት፣ እርጥብና ለብ ያለ ስለሆነ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም ለሚባለው መርዘኛ ባክቴሪያ የተመቸ ማደሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ ኤል ፓሶ ከተማ፣ በፎይል ተጠቅልሎ ከተጋገረ በኋላ በክፍል ሙቀት የተቀመጠ ድንች ለማባያ ተሠርቶበት 30 ሰዎች በቦቱሊዝም ታመዋል። ቦቱሊዝም ነርቭን የሚያሽመደምድ፣ የመተንፈሻ ጡንቻን እስከማስቆም የሚደርስ በሽታ ነው። ድንች ሥጋ አይደለም ብላችሁ አትናቁት።

ድንቹ ሊወጣ 15 ደቂቃ ሲቀረው ሥጋውን አንሡ። ከሰል የሆነውን ጠርዝ ቁረጡና ጣሉ፤ ይህን ብቻ ብትጥሉ ማንም አይወቅሳችሁም። የቀረውን የሥጋውን ክሮች አቋርጣችሁ፣ ከሽምብራ ጥቂት ከፍ አድርጋችሁ ክተፉት። በደረቅ መጥበሻ ላይ እንደገና አትጥበሱት፤ አንዴ በእሳት የደረቀውን ሥጋ ሁለተኛ ማድረቅ ቆዳ ማኘክን ያመጣል። ይልቁን ሁለት ሦስት ማንኪያ ውኃ ወይም መረቅ ጨምራችሁ፣ መጥበሻውን ክደኑና በዝግታ አሙቁት። ማቀዝቀዣ ውስጥ እንደ ጄሊ የረጋው ከሥጋው ሥር ያለው ፈሳሽ አይደፋ፤ ጅማቱ በእሳት ቀልጦ የሰጠው ጄላቲን ነውና ሲሞቅ ይሟሟል፣ ሥጋውንም መልሶ ያለዝበዋል። ሁሉም እኩል መጋሉን በማማሰል አረጋግጡ፤ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት። የባርቤኪው ሶስ የምትወዱ ከሆነ በመጨረሻዋ ደቂቃ ጨምሩት፣ ስኳር ስላለበት ቀድሞ ከገባ ያራል። ጥሬው ሥጋ ተዘፍዝፎበት የነበረውን ፈሳሽ ግን እንደ ሶስ አታፍስሱበት፤ ካልተንተከተከ ጥሬ ሥጋ ማለት ነው።

የተሰነጠቀውን ድንች ከግራና ከቀኝ ይዛችሁ ወደ ላይ ጨመቅ አድርጉት፣ ውስጡንም በሹካ አፍታቱት፤ ቅቤና ጨው የሚገባው በዚህች ደቂቃ ነው፣ ድንቹ በሚፋጅበት ጊዜ ያልገባ ጨው ከላይ ቢነሰነስ ውስጡ አልጫ እንደሆነ ይቀራል። ከዚያ ግማሹ አይብ፣ ከዚያ ሥጋው፣ ከላይ የቀረው አይብ ይሁን፤ አይቡ ሁሉ ከሥጋው ሥር የሚሆንበትን አሠራር የሚመርጡ አሉ፣ እኔ ግን ከላይ የሚቀልጠው ሥጋውን እንዳይደርቅ ስለሚሸፍነው አልስማማም። ለአምስት ደቂቃ ያህል ወደ ምድጃው ይመለስ። እርጎው ወይም ኮምጣጣው ክሬም፣ በቀጭኑ የተከተፈው የሽንኩርት ቅጠልና የሎሚ ጠብታ ከምድጃ ከወጣ በኋላ ይታከሉ፤ ሎሚውን እንደ ጌጥ አትቁጠሩት፣ ስብ በስብ የሆነውን ነገር የሚያስበላው እርሱ ነው። ድንቹ እስኪሰወር ድረስ ሥጋና አይብ የምትከምሩ ደግሞ አደብ ግዙ፤ ያ እራት ጥቂቱን ለማበርከት የታሰበ ነበር፣ እናንተ ግን ሁለተኛ ትርፍ እያመረታችሁ ነው።

ሥጋው በማቀዝቀዣ የሚቆየው ከሦስት እስከ አራት ቀን ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ እንደማትበሉት ካወቃችሁ አራተኛውን ቀን አትጠብቁ፣ በበሰለበት ምሽት ለአንድ እራት የሚበቃውን ያህል በከረጢት አየሩን አስወጥታችሁ አሽጉና ቀኑን ጽፋችሁበት በፍሪዘር፣ ከዜሮ በታች በ18 ዲግሪ አስቀምጡት። ስታወጡትም ማታ ወደ ታችኛው ማቀዝቀዣ አውርዱት እንጂ ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ አታውሉት። ከተቀመጠው ውስጥም በአንድ ማዕድ የሚበላውን ያህል ብቻ ቀንሳችሁ አሙቁ። በሚቀጥለውም ጊዜ ሰው ስትጠሩ፣ ከሰሉን ከማያያዛችሁ በፊት ሥጋውን ሰዓቱን ጠብቆ የሚያነሣውን ሰው በስሙ ጠርታችሁ ሹሙ፤ ዕቃውንና ቢላውን አሳዩት፣ ከእንግዶቹም አንዱ «ምን ልርዳችሁ?» ሲል ወንበር አታሸክሙት፣ ሥጋ አስቆርጡት።