«የእኛ አገር ወንድ እንዲህ አይደለም» ላሉት ዳኛ

ሰሞኑን ሐዋሳ ላይ በተካሄደ የአጭር ልብወለድ ውድድር አንድ ታሪክ ወደቀ። ጥፋቱ? ባለታሪኩ ዓሣ አጥማጅ ሚስቱ የተቀበረች ዕለት ያለቅሳል፤ ሲነጋ የልጁን ፀጉር ይጎነጉናል። አንዱ ዳኛ «የእኛ አገር ወንድ እንዲህ አይደለም» ብለው ዘጉት።

የቱ አገር? ለቅሶ ቤት ደርሰው አያውቁም እንዴ? ደረቱን እየደቃ «ወንድሜን!» የሚለው፣ ግራና ቀኝ ተይዞ የሚረጋጋው ማን ሆነና! ሹሩባም እንደሆነ የአፄ ቴዎድሮስን ሥዕል ያየ ሰው ለወንድ ነውር ነው አይልም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ስ ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ፊታውራሪ መሸሻን፣ በዛብህንና ጉዱ ካሣን አቅፎ ይኖር የለ? ከሦስቱ «የእኛ ወንድ» የትኛው ነው?

ነገሩ የባህል ጥበቃ ሳይሆን ስንፍና ነው። ወንዱን ሁሉ «ጎምለል» እያስባለ የሚያስኬድ ጸሐፊ አማርኛ የሰጠውን መሣሪያ አልነካም። አባት የሦስት ዓመት ወንድ ልጁን «ነይ እስቲ፣ የት ነበርሽ?» ሲለው ቁልምጫ ነው። ያንኑ «ነይ» ልጁ የ18 ዓመት ጎረምሳ ሆኖ ጓደኞቹ ፊት ቢለው ስድብ ነው። «ርኅሩኅ ነበር» ብሎ አንቀጽ ከመሙላት ይህቺ አንዲት ግስ ትበልጣለች። ያው ሰው አባቱን «ይቀመጡ» ይላል። የሐዋሳው ዓሣ ገበያ አሞራ ገደል ላይ በቆሮሶ ዓሣ ዋጋ የሚያደርቀውን ነጋዴ ግን «ዞር በልልኝ!» ስለዚህ ወንዱን ከሚያከብረው፣ ከሚሳሳለትና ከሚፈራው ሰው ፊት አቁሙት። ሦስቱም ጋ አንደበቱ አንድ ከሆነ ሰውየው ገና አልተጻፈም። ከዚያ ከምልልሱ ላይ ስሞቹን ሰርዛችሁ ለሌላ ሰው አስነብቡ። ማን እንደተናገረ ካልለየ፣ ለአንድ ወንድ ሦስት ስም አውጥታችኋል ማለት ነው።

ለዳኛው አንድ ነገር ልተውላቸው፦ ለስላሳ ወንድ እንጽፍ ብለው መልአክ የሚጽፉ አሉ። ስለ ስሜቱ ሲያብራራ ገጹ ያልቃል፤ አይሳደብም፣ አይቀናም፣ አይዋሽም። የወደቀው ታሪክ ግን እንዲህ አይደለም። አጥማጁ ሹሩባው ሲጣመምበት ይራገማል፣ ይፈታዋል፣ እንደገና ይጀምራል። መረብ በጨለማ የሚጠግን ጣት ሦስት ዘለላ ፀጉር አቃተው። ዳኛው እዚህ ገጽ ላይ የደረሱ አይመስለኝም።