እርማት፦ ፓይተን ከብዙ ኮንስትራክተር አይመርጥም
«አንድ ክላስ ውስጥ ኢኒትን ሁለት ሦስት ጊዜ ጻፉት፤ ፓይተን በተላከለት አርጊዩመንት ብዛት የሚስማማውን ራሱ ይመርጣል» የሚል ምክር እዚህ ሲደጋገም አየሁ። ኢኒት (__init__) ከክላሱ አዲስ ኦብጀክት ሲፈጠር የሚጠራው ኮንስትራክተር ነው፤ አርጊዩመንት ደግሞ ሲጠራ የሚላክለት ዋጋ። ጃቫና ሲ ፕላስ ፕላስ ላይ ልክ ነው። ፓይተን ላይ ግን ሁለተኛው ኢኒት በዚያው ስም ስለሚቀመጥ የመጀመሪያው ይጠፋል፤ የሚሠራው የመጨረሻው ብቻ ነው።

ለማረጋገጥ «ተማሪ» የሚል ክላስ ክፈቱ። መጀመሪያ ስም ብቻ የሚቀበል ኢኒት፣ ከሥሩ ስምና ዕድሜ የሚቀበል ጻፉ። ከዚያ ስም ብቻ ሰጥታችሁ ጥሩት፦ አንድ አርጊዩመንት ጎድሏል የሚል ታይፕ ኤረር ይመጣል። ክላሱ ሲጻፍ ግን ምንም ማስጠንቀቂያ የለም፤ ጀማሪዎችን የሚያደክመውም ይኸው ነው። የባሰው ደግሞ የመጨረሻው ኢኒት ባለ አንድ ኮከብ ፓራሜትር (እንደ *args ያለ) ሲኖረው ነው። ስንትም ቢላክለት ስለሚቀበል ኤረሩ እንኳ አይመጣም፤ የመጀመሪያው ውስጥ ዳታውን እንዲያጣራ የጻፋችሁት ኮድ ሳይሠራ ይቀራል።

ብዛቱ ለሚለያይ አርጊዩመንት አንድ ኢኒት ይበቃል፦ ለዕድሜ ዲፎልት ዋጋ ስጡት፣ ወይም በኮከብ ተቀበሉት፤ ተፕል (የማይለወጥ ዝርዝር) ሆኖ ይደርሳችኋል። አፈጣጠሩ ራሱ የተለያየ ከሆነ ለእያንዳንዱ የራሱን ስም ሰጥታችሁ በክላስሜተድ (በክላሱ ስም በሚጠራ ሜተድ) ሥሩት። ከቁልፎች ዲክት የሚፈጥረው የፓይተን ዲክት ፍሮምኪስ (dict.fromkeys) የተሠራው እንዲሁ ነው።