ውድ ነባር ደንበኛችን

«ውድ ነባር ደንበኛችን» ይላል ትናንት የደረሰኝ ኢሜይል። እንዲህ ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ ገንዘብ ሊሰጥ መጥቶ አያውቅም። ድሮ የገዛሁት የኦርኬስትራ ሳምፕል ላይብረሪ አዲስ እትም ወጥቶለታል። ነባር ስለሆንኩ በ199 ዶላር አፕግሬድ ማድረግ እችላለሁ። እስከ እሁድ ብቻ። ከእሁድ በኋላ ምን እንደሚሆን አልተጻፈም፤ ምናልባት ቫዮሊኖቹ ያኮርፉ ይሆናል።

ለማያውቅ ሰው፦ ሳምፕል ላይብረሪ ማለት እውነተኛ ሙዚቀኞች አዳራሽ ተቀምጠው፣ እያንዳንዷን ድምፅ ከለሆሳስ እስከ ጩኸት፣ በቀስትም በጣትም፣ እየደጋገሙ ተጫውተው የተቀረጸ፣ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን የድምፅ ስብስብ ነው። እኛ አቀናባሪዎች ኪቦርዱን ስንነካ እነሱ ይጫወታሉ። ሻይ አይጠይቁም፣ አያረፍዱም። ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 እንግሊዝ ውስጥ የተሠራው ሜሎትሮን የተባለ ኪቦርድ ከየቁልፉ ሥር ድምፅ የተቀረጸበት ቴፕ ነበረው፤ ስምንት ሴኮንድ ያህል ተጫውቶ ያልቃል። ዛሬ ስትሪንጉ፣ ማለትም ቫዮሊንና ዘመዶቹ፣ ብቻውን ከ300 ጊጋባይት በላይ የሚይዝበት ላይብረሪ አለ።

እና አዲሱ እትም ምን ጨመረ? ዝርዝሩን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ቀረጻው ያው ነው። ያው ሰዎች፣ ያው አዳራሽ። ቪዮላዎቹ መሀል የምትሰማው የወንበር ሲጢጥታ እንኳ ማሳያ ሙዚቃው ላይ አለች፤ በድምፅዋ አወቅኋት። የተለወጠው የፕሮግራሙ መስኮት ነው። ግራጫ ነበር፣ ጥቁር ሆነ።

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚለውን ተረት የምወደው ለዚህ ነው። ከአክስቴ ነው የወረስኩት። በዚህ ተረት ሐኪም አልቀየረችም፣ ዕድር አልቀየረችም፣ ከወፍጮ ቤቷም ንቅንቅ አላለችም። ባሏን ግን ቀየረች። ተረቱን ብናስታውሳት «ሰይጣኑን ስላወቅሁት ነዋ!» አለችን። ከዚያ ወዲህ ማንም ደፍሮ አልጠየቃትም።

ደግሞ ልግዛ ብል መክፈያው የት አለ? ካርዱ ያለው ሜሪላንድ ነው፤ የአጎቴ ልጅ እታለም ቦርሳ ውስጥ። እታለም ነፍስ ናት፣ ግን ምክንያት ትጠይቃለች። «አንተ ልጅ፣ ባለፈው ቫዮሊን ገዛሁ አላልክም እንዴ?» አዎ፣ እታለም። «ታዲያ የት ሄደ?» አለ፣ እታለም፤ አርጅቶ ነው። «የማይነካ ቫዮሊን እንዴት ያረጃል?» ለዚህ ጥያቄ ዓለም ላይ መልስ ያለው ድርጅት ያለ አይመስለኝም። ገንዘቡን እዚህ ለእናቷ በብር እሰጣለሁ። ዶላር በ57 ብር ገደማ የሚታሰብበት ዘመን ደግሞ ሐምሌ 2016 ላይ አብቅቷል።

እሺ፣ ለማን ብዬ ነው የማሻሽለው? እዚህ ላይ የቆየ ቂም አለኝ። አንድ ፊልም ሳቀናብር ስትሪንጉን በሙሉ በሳምፕል ሠርቼ፣ አንዷን ሶሎ ብቻ ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በተመረቀ ልጅ አስጫወትኩ። ሸጋ አድርጎ ተጫወተ። ፕሮዲውሰሩ ሰማና «ሌላው አልቅሶ ያስለቅሳል። ይቺ አንዷ ግን የኮምፒውተር ናት፣ ታስታውቃለች» አለ። ልጁ እዚያው ቆሞ ነበር፣ ቀስቱን እንደያዘ! አስረዳሁ። ፕሮዲውሰሩ አልሰማም፤ ጭራሽ ከልጁ ክፍያ ላይ ቀነሰ። ኮምፒውተሩ ላይ ግን አልቀነሰም። ዛሬም ሰርግ ላይ ስንገናኝ ሦስት ጊዜ እንሳሳማለን። ግን አልረሳሁም፣ አልረሳምም። ሰው ተርቦ የተማረውን ሙያ እንዲህ አቅልሎ ሲጥል ያናድዳል።

አፕግሬድ ከተባለስ የአገራችን ትልቁ የኦርኬስትራ አፕግሬድ እ.ኤ.አ. በ1924 የመጣው ነው። ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆችን አስመጡ፤ «አርባ ልጆች» ተባሉ፣ የነሐስ ባንድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። «እስከ እሁድ ብቻ» ያለ ሰው አልነበረም።

እነዚህ ሁሉ ጊጋባይቶች ደግሞ ማሲንቆ አይሆኑም። አንድ የጭራ ክር ላይ ጣት ስትንሸራተት የሚወጣውን ለቅሶ፣ ከድምፅ ወደ ድምፅ የሚያሻግረው የአውሮፓ ሌጋቶ አያውቀውም። በእነሱ ቫዮሊን አንቺሆዬ ሳስጫውት እንጦጦ የወጣ ቱሪስት ይመስለኛል፤ ያደንቃል እንጂ አይገባውም። በ199 ዶላሩ ስንት ማሲንቆ ተጫዋች ስቱዲዮ ገብቶ፣ ምሳውን በልቶ፣ ተመስግኖ ይወጣ ነበር! ኢሜይሉ ይህን አላነሳም።

ምን ላይ ነበርኩ? አዎ፣ ውሳኔው። ነፃ የሆነም አለ እኮ፤ ለንደን ማይዳ ቬል ስቱዲዮ ተቀርጾ እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው የቢቢሲ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ላይብረሪ ትንሹ እትም ያለ ክፍያ ይወርዳል። ለማስታወቂያ ሥራ እሱም ከበቂ በላይ ነው። ስለዚህ ስትሪንጉን አልነካም። በቃ። ብራሱ ግን፣ የነሐስ መሣሪያዎቹ ማለቴ ነው... ብራሱ እውነትም አርጅቷል፣ መለከቱ አፍንጫው የተያዘ ሰው ነው የሚመስለው። ብራሱን ለብቻው በ79 ዶላር ይሸጣሉ። ለእታለም «መለከት» ብላት ለቤተ ክርስቲያን ይመስላትና ሳትጠይቅ ትከፍል ይሆናል።