«እኔ እንኳን አላነበውም» ለሚሉ ክቡራን የቀረበ ውዳሴ

ዛሬ የማወድሰው ጋዜጣ የማያነቡትን ሰዎች ነው። ታውቋቸዋላችሁ፤ ከአንዳቸው ጋር ሻይ ያልጠጣ የለም። ባለፈው ሳምንት በማሌዥያዋ ኩዋላ ሉምፑር ውስጥ፣ ማማክ ከሚባሉት የሕንድ ሙስሊሞች ሻይ ቤቶች በአንዱ፣ ከእነዚህ ክቡራን አንዱ አጠገቤ ተቀምጠው ስለ ማላይኛ ጋዜጦች ውድቀት ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ ተናገሩ። «ታብሎይድ? እኔ በእጄም ነክቼ አላውቅ!» አሉ፤ ታብሎይድ የሚባለው በትንሽ ገጽ የሚታተም፣ ወሬ የሚያራግብ ጋዜጣ ነው። ትንፋሻቸውን ሳይሰበስቡ ደግሞ የዚያን ዕለት ታብሎይድ ያወጣውን የአንድ ባልና ሚስት ፍቺ ከሥሩ አንሥተው ዘረዘሩልን፦ አማቲቱ ምን እንዳሉ፣ ሁለተኛዋ ሚስት የት ሰፈር እንደምትኖር፣ የተሰበረው የመኪና መስታወት የፊቱ ይሁን የኋላው። ሳይነካ ማንበብ የቻለ ሰው ካልተወደሰ ማን ሊወደስ ነው?

እነዚህ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ የማላይኛ ታብሎይድ ታሪክ ራሱ ባልኖረ ነበር። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።) ሃሪያን ሜትሮ በ1991 ሲወለድ የከሰዓት በኋላ ጋዜጣ ነበር፤ ጠዋት ቁም ነገር አንብቦ የዋለ ሠራተኛ ከቢሮ ሲወጣ የአደጋውን፣ የችሎቱን፣ የጅኒውንና የዘፋኟን ወሬ በትልልቅ ፊደል ያቀርብለታል። ውሎ አድሮ የጠዋቱንም ሰዓት ወረሰው። በ2004 ኮስሞ ተከተለ፤ በ2006 ሲናር ሃሪያን መጣ። ከ1957 ጀምሮ በሰፊ ገጽ ሲኮራ የኖረው ቤሪታ ሃሪያን እንኳን በመጨረሻ ወደ ታብሎይድ መጠን ጠበበ። በ2010ዎቹ መጀመሪያ ሃሪያን ሜትሮ ከማላይኛ ዕለታዊ ጋዜጦች ሁሉ በሽያጭ ቀዳሚ ነበር፤ በቀን ከ300,000 ቅጂ በላይ።

እንግዲህ ሒሳቡን ሥሩት። 300,000 ቅጂ በየቀኑ ይሸጣል፤ አንድም ሰው አያነበውም። እንዲህ ያለ ተአምር በየትኛው አገር ታይቷል?

አንዳንዱ «ለኳሱ ብቻ ነው የምገዛው» ይላል። እውነቱን ነው፤ ስፖርቱ ከኋላ ገጽ ነው ያለው። ከኋላ ጀምሮ ገጽ በገጽ እየገለጠ ወደ ፊት ሲጓዝ፣ የፊት ገጹ ላይ ያለችውን ተከሳሽ የሚያያት በግድ ነው፤ መንገዱ ላይ ቆማ ምን ያድርግ? ከዚህ የረቀቀው ደግሞ የናሲ ለማክ ሰው ነው። ናሲ ለማክ በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ሩዝ ነው፤ በሙዝ ቅጠልና በአሮጌ ጋዜጣ ተጠቅልሎ ጠዋት ጠዋት በየመንገዱ ዳር ይሸጣል። «ቁርሴን ስፈታ ዓይኔ ውስጥ ገባ» ይላችኋል። ይህ ሰው አንድ የነፍስ ግድያ ችሎት ከክሱ እስከ ፍርዱ፣ አንዲት ቀን ሳታመልጠው፣ በሩዝ መጠቅለያ ተከታትሏል። ሻጯ ቅደም ተከተሉን ጠብቃ ስለምትጠቀልልለት እሷም ምስጋና ይገባታል።

ኮኮናት ካነሣን አይቀር የኮኮናቱን ነገር ልጨርሰው። በማርች 2014 የማሌዥያ አየር መንገድ በረራ 370 በጠፋ ሰሞን፣ ራሱን የጠንቋዮች ንጉሥ ብሎ የሾመ አንድ ሰው ከረዳቶቹ ጋር ኩዋላ ሉምፑር አውሮፕላን ማረፊያ መጣ። ሁለት ኮኮናት ይዟል። ከቀርከሃ የተሠራ የሩቅ ማያም ይዟል። አውሮፕላኑ ወይ ገና አየር ላይ ነው፣ ወይ ባሕር ውስጥ ወድቋል ማለቱም ተዘገበ፤ በዚህ ሊሳሳት የሚችልበት መንገድ ስለሌለ እስከ ዛሬ ያስተባበለው የለም። ፎቶግራፉ አገሩን አጥለቀለቀ፣ ከአገር አልፎም ዓለምን ዞረ። እና እኒያ የማያነቡት ክቡራን ምን አደረጉ? ስለ ኮኮናቱ ተወያዩ። ኮኮናቱ አረንጓዴ ነበር ወይስ የደረቀ? ለምን ሁለት ሆነ? አንዱ ለክንፍ አንዱ ለክንፍ ነው ያለ አለ። የቀርከሃው ሩቅ ማያ መስታወት ከሌለው እንዴት ያያል ብሎ የጠየቀ አለ፤ መስታወት ያላቸው መርከቦችስ መቼ አዩ ብሎ የመለሰለት አለ። አንድ ከፍተኛ ትምህርት ያለው ሰው፣ ይህ ሁሉ የታብሎይድ ድንቁርና መሆኑን በምሬት ካስረዳ በኋላ፣ ሰውየው በየትኛው እጁ የትኛውን ኮኮናት እንደያዘ ሌሎች ተሳስተው ሲያወሩ አላስችል ብሎት አረማቸው። በ2017 የሰሜን ኮሪያው መሪ ወንድም በዚያው ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ ተገድሎ ሁለቱ አገሮች ሲካሰሱ፣ ያው ጠንቋይ ማሌዥያን ከፒዮንግያንግ ሊጠብቅ ባሕር ዳር ላይ ኮኮናቱንና የቀርከሃ መድፎቹን ይዞ ብቅ አለ። የማያነቡት ሰዎች ወዲያውኑ አወቁት። «ያ የ2014ቱ አይደለም እንዴ?» አሉ። ኮኮናቱ መጨመሩን ጭምር ለዩ።

እዚህ ላይ ውዳሴውን ላቋርጥ። በዚያ አውሮፕላን ላይ 239 ሰዎች ነበሩ። ቤተሰቦቻቸው በቤጂንግና በኩዋላ ሉምፑር ሆቴሎች ታጉረው፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር እየደነገጡ ሲጠብቁ፣ ኮኮናት ለመቁጠር ወረፋ የተያዘው በእነሱ ስም ነው። ፎቶግራፉን ያነሣው ይጠየቅ፤ ያተመውም ይጠየቅ። ገዝቶ፣ አይቶ፣ ስቆ፣ ከዚያ «ጋዜጠኞቻችን ወረዱ» ያለው ግን ዓይን አውጣ ነው።

ወደ ምስጋናችን እንመለስ። የማያነቡት ክቡራን ስለ ቁም ነገር ጋዜጣ ያላቸው ናፍቆት ልብ ይነካል። ኡቱሳን ሜላዩን ሲያነሡ ድምፃቸው ይሰበራል። በእርግጥም የሚያስከብር ታሪክ ነው፦ በ1939 ሲንጋፖር ውስጥ ሲቋቋም፣ ኋላ የሲንጋፖር የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሆኑት ዩሶፍ ኢስሃቅ ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ፤ ድርሻውን የገዙት ነጋዴዎች ብቻ ሳይሆኑ ገበሬና ሾፌር ጭምር ነበሩ። በጃዊ፣ ማለትም በዓረብኛ ፊደል በሚጻፍ ማላይኛ ነበር የሚታተመው። በ1961 የማላያ፣ የኋላዋ ማሌዥያ፣ ገዥ ፓርቲ ሊቆጣጠረው ሲል ጋዜጠኞቹ ሦስት ወር ያህል ሥራ አቆሙ፤ ተሸነፉም። ቀጥሎ በ1984 የኅትመት ሕግ መጣ፤ ፈቃድ እስከ 2012 ድረስ በየዓመቱ መታደስ ነበረበት። በ1987 ሦስት ጋዜጦች ፈቃዳቸውን ተነጠቁ፤ አንዱ ዋታን የተባለው የማላይኛ ጋዜጣ ነበር። የዚያ ዘመን አዘጋጅ ማን ላይ ይጻፍ? ቶዮል የሚሉት ገንዘብ የሚሰርቅ የሕፃን ጅኒ አለ፤ ስሙ ቢጠፋ ክስ አይመሠርትም፣ የጋዜጣ ፈቃድም አያሰርዝም። ሃሪያን ሜትሮ የተወለደው ከዚያ በአራተኛው ዓመት ነው። ይህንን ግን የማያነቡት ሰዎች አያነሡትም፤ ናፍቆታቸውን ያበላሽባቸዋል።

በኦክቶበር 2019 የኡቱሳን ኩባንያ ሲዘጋ የኡቱሳን ሜላዩ ወራሽ የሆነው ቁም ነገረኛው ኡቱሳን ማሌዥያና ታብሎይዱ ኮስሞ በአንድ ቀን ቆሙ። ሠራተኞቹ ያልተከፈለ ደመወዝ እንደተንጠለጠለባቸው ወጡ። ያን ቀን የወረደውን ሙሾ መስማት ነበረባችሁ! «አባቴ በዚህ ጋዜጣ ነው ማንበብ ያስተማረኝ»፣ «የወገኔ ድምፅ ጠፋ»። አልቃሹን ሁሉ የመጨረሻውን ቅጂ መቼ ገዛህ ብትሉት፣ አባቱ በሕይወት ሳሉ ነው። ሁለቱም ጋዜጦች በማግስቱ ዓመት በሌላ ኩባንያ ተመልሰው ሲወጡ ደግሞ ያ ሁሉ አልቃሽ የደስታ መልእክት ጻፈ። ሊገዛ የሄደ ግን ጥቂት ነው፤ ለወገን ድምፅ የሚሆን ዝርዝር ሳንቲም ጠፍቶ ይሆናል።

አሁን ደግሞ የማያነቡት ሰዎች ኑሮ ቀሏል። ጋዜጣ አዟሪ ፊት ቆሞ ግራ ቀኝ ማየት ቀረ፤ ኳሱን ማሳበብ ቀረ፤ ሩዙም በፕላስቲክ ሳጥን ይጠቀለል ጀምሯል። ሁሉም ነገር ስልክ ውስጥ አለ፤ ያው ፍቺ፣ ያው ጅኒ፣ ከነቪዲዮው። ስልኩን ከእጃቸው ላይ ብታዩባቸው ደግሞ «ሰው ልኮልኝ ነው» ይላሉ። ላኪው ማን ነው ብላችሁ ብታጣሩ፣ እሱም የማያነብ ሰው ነው።