የጎጃም ሴት ታሪኳን ራሷ ትጻፈው

ጎጃም የቅኔ አገር ነው ሲባል ሁላችንም ደስ ይለናል። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ እያልን የቅኔ ደብሮቹን እንቆጥራለን። የሊቃውንቱን ስም አንድ በአንድ ጥሩ ብትባሉ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ወንድ ነው። ሴት ሲባል እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን እንጠራና እዚያው ላይ እንቆማለን። ዓይነ ስውር ሆነው ከአባታቸው ቅኔ የተማሩ፣ ወንበር ዘርግተው ወንዶቹን ያስቀኙ መምህር ናቸው። እኔን ሁሌም የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። አንዲት ዓይነ ስውር ሴት ልጅ ያ ሁሉ ወንድ መሀል ቅኔ ስትቆጥር ምን ተሰማት? ማን አበረታታት፣ ማንስ ናቃት? ስለ እሳቸው የምናውቀው በአብዛኛው ሌሎች ያወሩልንን ነው።

ሴቶቻችን መናገር አቅቷቸው እንዳይመስላችሁ። ለቅሶ ቤት ሙሾ የምታወርድ ሴት የሟችን ዕድሜ ልክ በሁለት ስንኝ ትጨርሰዋለች። ወፍጮ ላይማ ሌላ ነው። አክስቴ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ፣ መጁን እየገፋች፣ ሰው ሁሉ ተኝቷል ብላ እንዲህ ስትል እሰማት ነበር፦

ወንድሜን በአኮፋዳ ለቅኔ ሲሸኙ፣
ለእኔ ለትንሿ ባል ከወፍጮ አገኙ።

የአጎቴን ታሪክ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋል። የት ደብር እንደተማረ፣ ውሻ የት እንደነከሰው፣ መምህሩ ማን እንደነበሩ ሳይቀር ይተረካል። እሷን ግን በስንት ዓመትሽ ተዳርሽ፣ ያን ቀን ምን አሰብሽ ብሎ የጠየቃት የለም። ኋላ ሞተር ወፍጮ መጣና ጉልበቷ አረፈ፤ እሰየው። እንጉርጉሮው ግን አብሮ ቀረ፣ የጻፈውም አልነበረም።

ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ ብዙ ተጽፏል፣ አውቃለሁ። አብዛኛው ሪፖርት ነው። በአገራችን ሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ከሆነ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ነገሩ በመንደር እንዴት እንደሚሠራ ግን ሪፖርት አይነግራችሁም። ድግስ ሁለት ጊዜ እንዳይደገስ ተብሎ ታናሿ ከታላቋ ጋር በአንድ ቀን ትዳራለች። ዕድሜዋ ሞልቷል ብሎ የሚመሰክር ዘመድ አይጠፋም። እናትየው እያለቀሰች እንጀራውን ትጋግራለች፣ ምክንያቱም እሷም እንደዚያው ነው የተዳረችው። ይህን ከውስጥ ሆና የምታውቀው ያለፈችበት ሴት ናት፣ እሷ ካልጻፈችው ደግሞ ቁጥር ሆኖ ይቀራል።

«የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም» ይሉናል። እኔ ይህን ነገር በቀላሉ አላየውም። ጽፋ ከባሏ የምትጣላ፣ ከወንድሞቿ የምትቆራረጥ ሴት አለች። ስለዚህ ሁሉንም አውጪው አልልም። ስምሽን ለውጪ፣ የቀበሌውንም ስም ተዪው፣ የልጆችሽን ጉዳይ እነሱ ሲያድጉ ራሳቸው ይወስኑበት። ግን ልብ በሉ፣ ይህ ገመና የሚባለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚሸፍነው የመቺውን ነውር ነው እንጂ የተመታችውን አይደለም። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» እያለ ያሳደገን አገር ዝም በሉ ቢለን ምኑ ይገርማል?

የተማረች ብቻ ናት የምትጽፈው የሚሉም አሉ። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ እናቶች ዛሬም በየቤቱ አሉ። ፊደል ያልቆጠረችዋ ደግሞ ስልኳ ላይ ትቅዳው፣ ልጇ ትገልብጠው። ስትገለብጪ ግን እባክሽ አታስተካክዪባት። እናትሽ በጎጃም አማርኛዋ ያለችውን እንዳለ አስቀምጪው፣ የመጽሐፍ አማርኛ ይምሰል ብለሽ ወዙን አታድርቂው።

አሁን ደግሞ ጊዜው ከባድ ነው። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ክልላችን ጦርነት ውስጥ ነው፣ መንገዱ ሲዘጋ፣ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ፣ ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ ከረመ። ወንዶቹ የትኛው ጦር የት እንደዋለ ይጽፋሉ። መንገድ ተዘግቶ ምጥ የያዛት ሴት እንዴት አደረች? ዘይት ሲጠፋ ወጡ በምን ተሠራ? ልጄ ጫካ ገባ ወይስ ታፈሰ ብላ ስትጨነቅ የከረመች እናትስ? ይህ ሁሉ የጦርነቱ ታሪክ ነው፣ ነገ ታሪክ ጸሐፊ ሲመጣ የሚያገኘው ግን የተጻፈውን ብቻ ነው።

ከየት ልጀምር ለምትይ፣ ከአንድ ቀን ጀምሪ። ከሠርግሽ ቀን፣ ወይም ትምህርት ካቋረጥሽበት ቀን፣ ደስ ያለሽም ቀን ይሆናል፣ የግድ እንባ አያስፈልገውም። ማን ምን እንዳለሽ፣ ምን ለብሰሽ እንደነበር፣ ምን እንደበላችሁ ጻፊ። መጀመሪያ ለምታምኛት አንዲት ሴት አንብቢላት። እሷ «እኔም እኮ» ማለቷ አይቀርም፤ ያኔ ወረቀቱን አቀብያት፣ የእሷንም ትጻፍ።