ሽማግሌው አልነሳ አለ

የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ፣ ከቨርጂኒያ መጥቶ ሐይቅ ከተማ አጎታችን ቤት ሰንብቷል። መስከረም ነው፤ ሣሩ ከጉልበት በላይ ደርሷል።

ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ናት፤ እሱ ይጠይቃታል።

«ዛሬም አልነሳ አለ? ድምፅስ የለውም? ጠቅ ጠቅ ብቻ? ወይኔ! 16 ዓመት አብሮን ኖሮ!»

ቤቱ ፀጥ አለ። ቡና የምትቀዳው ጎረቤታችን ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አብሽር ልጄ፣ አላህ ያውቃል። ማነው የታመመው?»

«ማጨጃዬ ነው።»

እኛ ዘንድ ማጨጃ ማጭድ ነው። ማጭድ ደግሞ ራሱ አይነሳም፣ ሰው ነው የሚያነሳው። ስለዚህ ፎቶ አሳየን። አራት ጎማ፣ መሪ፣ ወንበር፣ ከሆዱ ሥር የሚሽከረከር ስለት። ሰውየው ላዩ ላይ ቁጭ ብሎ ይነዳዋል።

«ተቀምጦ አጨዳ!» አሉ አጎቴ፣ ወገባቸውን እያሻሹ።

ልጁ ዕውቀቱን ጨመረልን። የሣር ማጨጃ ማሽንን በ1830 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው ኤድዊን በዲንግ የሚባል እንግሊዛዊ ነው፤ ሐሳቡን ያገኘው የሱፍ ጨርቅ ከሚከረክም ማሽን ነው።

«ሜዳውን እንደ በግ ሸለቱት በለኛ!»

ከዚያ የበሽታው ታሪክ ቀጠለ። በየ50 ሰዓቱ ገደማ ዘይት ይቀየርለታል። ስለቱ ይሳላል፣ ካንዴላው ይለወጣል፣ ሆዱ ላይ የተጋገረው ሣር ይፋቃል። ቺንጋው ይላላል። በበረዶው ወራት ባትሪው ይሞታል፤ ታንከር ውስጥ የከረመው ቤንዚን እንደ ሙጫ ይሆንና ካርቡራተሩን ይዘጋዋል። ወንበሩ ተቀዶ በፕላስተር ተለጥፏል። በሐቅ እንነጋገር ከተባለ፣ እዚህ ቤት ይህን ያህል የታከመ ሰው የለም።

አጎቴ ግን ልባቸው ሌላ ቦታ ነበር።

«ሣሩን ምን ታደርጉታላችሁ?»

«እዚያው እንተወዋለን። ወይ በከረጢት እናወጣና የቆሻሻ መኪና ይወስደዋል።»

«ላም የላችሁም?»

«የለንም።»

«ፍየልስ? አንዲት ፍየል?»

«የሰፈሩ ማኅበር አይፈቅድም። ሣሩ ካደገም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይልክብናል።»

አጎቴ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። በየዓመቱ ዝናብ እንዳይቀር ዱዓ የሚያደርጉ ሰው ናቸው። ሣር በቀለ ተብሎ የሚከሰስ ሰው ዘመዳቸው መሆኑን ለመቀበል ጊዜ ወሰደባቸው።

«በል ሽጠው» አሉ በመጨረሻ።

«ማን ይገዛኛል? አርጅቷል።»

«ለሥጋ አይሆን፣ ቆዳ የለው» አሉ ከልባቸው አዝነው።

ይህን የሚመክሩት ሰው በረት ውስጥ ቡሬ የሚባል በሬ አላቸው። ጥርሱ አልቋል። ሁለት ትልም ሳይደርስ ይተኛል። ሦስት ጊዜ ገበያ ወስደው ሦስት ጊዜ መልሰውታል። ደላላ ሲቀርብ «ለእርሻ ነው ለእርድ?» ይላሉ። ለእርድ ካለ አይሸጡለትም። ለእርሻ ካለ ደግሞ የቡሬን ጥርስ አላየም ማለት ነው፤ «ሰው አላታልልም» ብለው ይመልሱታል።

እንግዳችን ተመልሶ ሄደ። ከሁለት ወር በኋላ ደወለ። አዲስ ገዝቷል፤ በባትሪ የሚሠራ። ዘይት የለው፣ ካንዴላ የለው፣ እንደ ድሮው ጎረቤት አይቀሰቅስ።

«ሽማግሌውስ?» አሉ አጎቴ። የልጆቹን ጤና ገና አልጠየቁም።

«ጋራዥ ውስጥ ሸራ አልብሼ አቁሜዋለሁ። እሑድ እሑድ አስነሳዋለሁ።»

«ምን ሊሠራልህ?»

«ምንም። እንዳይከፋው።»

አጎቴ ሊስቁበት አፋቸውን ሲከፍቱ የግቢው በር ተገፋ። ቡሬ ነው፣ ገመዱን እየጎተተ። በአራተኛው ገበያ እንዲሸጠው የተላከው ልጃቸው ከኋላ አቧራ ለብሶ መጣ።

«ገዢ ተገኝቶ ነበር እኮ አባዬ! አንተ ያልከውን ዋጋ ስነግረው...»

አጎቴ ስልኩን እኔ ላይ ጥለው ውሃ ሊያጠጡት ወጡ።