ውዳሴ ኤክስፖርት

ሬቪት በሚባለው የሕንፃ ንድፍ ፕሮግራም የሠሩትን ሕንፃ ኦቶካድ የሚባለውን ሌላ የንድፍ ፕሮግራም ለሚጠቀም ባልደረባ የሚልኩ አርክቴክቶቻችን ምስጋና ያንሳቸዋል። ፋይል፣ ኤክስፖርት፣ ካድ ፎርማትስ፣ ዲደብሊውጂ (የኦቶካድ የፋይል ዓይነት)፣ ኔክስት፤ አለቀ፣ በቴሌግራም ሄደ። ከኤክስፖርት ሴትአፑ ስም አጠገብ ያለችውን ባለ ሦስት ነጥብ ቁልፍ በሙያ ዘመናቸው ነክተዋት አያውቁም። ከጀርባዋ «ሶሊድስ» የሚል ገጽ አለ፤ ምርጫውም ሁለት ብቻ ነው፦ ፖሊሜሽ (በጠፍጣፋ ገጾች የተሠራ ቅርፊት) ወይም ኤሲስ ሶሊድ (ድፍን አካል)። ካልነኩት የሚሄደው ፖሊሜሽ ነው። ቢነኩት ኮለኑም ስላቡም ሶሊድ እንደሆነ ይደርስ ነበር፤ ታዲያ ተቀባዩ ምን ሊሠራ ነው?

ደግሞም ፖሊሜሽ ቆጣቢ ነው። ዲያሜትሩ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ክብ ኮለን 0.377 ሜትር ኪዩብ ኮንክሪት ይፈጃል። ሜሹ ክቡን በጠፍጣፋ ጎኖች ስለሚተካው፣ ለምሳሌ 12 ጎን አውጥቶ ሲደርስ 0.36 ብቻ ይሆናል። 50 ኮለን ያለው ሕንፃ ላይ 0.85 ሜትር ኪዩብ ያህል ኮንክሪት ያለ ጨረታ፣ ያለ ድርድር ተረፈ ማለት ነው። የቤቱ ባለቤት ይህን ውለታ አለማወቁ ያሳዝናል። መጠን የሚያወጣው ባለሙያም ተገላግሏል፤ ማስፕሮፕ የሚለውን ትእዛዝ ሰጥቶ ይዘቱን ቢጠይቅ ኦቶካድ ሶሊድ አልመረጥክም ብሎ ይመልሰዋል። ሰብትራክት ብሎ ቀዳዳ ላውጣ ቢልም እንዲሁ።

ተቀባዩም ከምስጋናው ድርሻ አለው። የመጣለትን ሜሽ ገና ሲያይ ኤክስፕሎድ (አፈንዳ) ይላል፤ አንድ ግድግዳ የሦስት ማዕዘን ክምር ይሆናል። ባያፈነዳው ኖሮ በሜሽስሙዝ ወደ አዲሱ የሜሽ ዓይነት ቀይሮ፣ ስሙዝሜሽኮንቨርት የሚባለውን ቅንብር 2 አድርጎ፣ በኮንቭቱሶሊድ ሶሊድ ሊያደርገው ይችል ነበር፤ ያውም ሜሹ የትም ክፍተት ከሌለው፣ ካለው ደግሞ በሜሽካፕ ከደፈነው። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ግን ለሰነፎች ነው። ጎበዙ እንደገና ይስለዋል።

ስለ መገኛውስ ምን እንበል! የቀያሹ ፋይል የሚመጣው በአዲንዳን፣ ዩቲኤም ዞን 37 በሚባለው የካርታ መለኪያ ሥርዓት ነው፤ አዲስ አበባ ላይ የሰሜን ቁጥሩ (ከምድር ወገብ ያለው ርቀት) አንድ ሚሊዮን ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ሬቪት ደግሞ ከውስጥ መነሻው 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ካለፈ ቅርጽ ማበላሸት ይጀምራል። ስለዚህ የቀያሹ ፋይል መሃል ለመሃል ሊንክ ይደረጋል፣ አኳየር ኮኦርዲኔትስ (መገኛውን ውሰድ) ይባላል፣ ሲላክም «ሼርድ» (የጋራው መገኛ) ይመረጣል። የኛ ሰው ግን የፕሮጀክቱን የውስጥ መነሻ እንዳለ ይተዉታል፤ ቦሌ የታሰበው ሕንፃም ዜሮ ዜሮ ላይ ያርፋል። በዞን 37 ስሌት ዜሮ ዜሮ ማለት ምድር ወገብ ላይ፣ ኬንያ ውስጥ፣ ከኪሱሙ ከተማ ብዙም የማይርቅ ቦታ ነው። ሕንፃ ያለ ፓስፖርት ድንበር ሲሻገር ያየ ሌላ ሙያ ካለ ይንገረን። (የቪክቶሪያ ሐይቅ አየር ጥሩ ነው ይባላል።)

ሌላውን ትሩፋት ለመዘርዘር ጊዜ አይበቃም። ሜትርና ሚሊ ሜትር ተምታተው ሺህ እጥፍ ያደገ ቤት፤ በኦቶካድ 2018 ፎርማት ተቀምጦ ኦቶካድ 2007ን ለሚጠቀም ሰው የተላከ ፋይል፤ ኤክስሬፎቹ (ተያያዥ ፋይሎቹ) ላኪው ኮምፒውተር ላይ ቀርተው ብቻዋን የመጣች እናት ፋይል፤ ሦስት ዲ ነው ተብሎ ከፕላን እይታ የተላከና መስመር ብቻ የሆነ ሕንፃ። ከኢንተርኔት የወረደውን የሽንት ቤት መቀመጫና ሶፋ ሳይደብቁ መላክም የልግስና ምልክት ነው። ግድግዳ የጠየቀ መሃንዲስ የትራስ ስፌት ድረስ ይደርሰዋል፤ ኮምፒውተሩም ይህን ሁሉ ሲጭን ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል።

ይህን ሁሉ ያስተዋለ ተቀባይ ደውሎ ቢጠይቃቸው አይቆጡም። በሰከነ ድምፅ «እኔ ጋ እኮ በደንብ ይከፍታል» ይሉታል። እውነታቸውን ነው፤ የሚከፍቱት ሬቪቱን ነዋ።